አመድም እሳት ይወልዳል

(ቤት ትቶ ሲኬድ ስለሚደረግ የእሳት ጥንቃቄ)

«እሳት አመድ ይወልዳል» ሲባል ያልሰማ የለም። ከብርቱ አባት ሰነፍ ልጅ ሲወጣ የሚነገር ተረት ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምናነሣው ግን የተረቱን ግልባጭ ነው፤ አመድም እሳት ይወልዳል። ያውም ባለቤቱ ገበያ ወይም ለቅሶ በሄደበት፣ ቤቱም በተቆለፈበት ሰዓት ይወልዳል።

ውድ ዕጩ መምህራን፣ የተከበራችሁ አሠልጣኞቻችን፤ ስለ እሳት አደጋ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው «እሳት ሲነሣ ምን እናድርግ?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ የሚጮኽም፣ ውሃ የሚያፈስም የለም። ጎረቤት ጭሱን ሲያይ እሳቱ ጣራ ላይ ደርሷል። ስለዚህ በባዶ ቤት የሚነሣ እሳት የሚገታበት ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እግራችን ከደጃፉ ከመውጣቱ በፊት ያለው ጊዜ ነው። መብረቅና የሰው ተንኮል ካልሆነ በስተቀር ባዶ ቤት ራሱን አያቃጥልም። የሚያቃጥለው ሰው ሳለ የተለኮሰና «ጠፍቷል» ተብሎ የተተወ፣ ነገር ግን ተኝቶ የነበረ እሳት ነው።

ጉዳዩ እኛን በሁለት በኩል ይመለከተናል። አንደኛ፣ ዕረፍት ሲደርስ ወደየቤታችን እንሄዳለን፤ ቤተሰቦቻችንም እኛም ቤት ትተን መውጣታችን አይቀርም። ሁለተኛ፣ ነገ የምንመደበው የሣር ክዳን ቤት በበዛበት ገጠር ወይም ጣራና ጣራ በተነካካበት የከተማ ሰፈር ነው። እዚያ ደግሞ ምድጃ የሚጠርገውና አመድ የሚደፋው አብዛኛውን ጊዜ የእኛው ተማሪ ነው።

1. የተኛ እሳት ምን ማለት ነው?

እሳት ለመንደድ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ የሚቃጠል ነገር፣ ሙቀት እና ኦክሲጅን። ከሦስቱ አንዱ ከጠፋ እሳት ይጠፋል። ይህን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሁላችንም ተምረናል። ነገር ግን «አነሰ» እና «ጠፋ» አንድ አለመሆናቸውን ልብ የምንል ጥቂቶች ነን።

በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን 21 በመቶ ያህል ነው። ፍም በአመድ ሲሸፈን ይህ ኦክሲጅን ይቀንስበታል እንጂ ጨርሶ አይቋረጥበትም። በሌላ በኩል አመድ ራሱ የማይቃጠል፣ ሙቀትንም በቀላሉ የማያሳልፍ ነገር ስለሆነ ለፍሙ እንደ ጋቢ ይሆንለታል። ስለዚህ ፍሙ አይሞትም፤ ነበልባልና ጭስ ሳያወጣ ቀስ ብሎ ራሱን እየበላ ይቆያል። ረመጥ የምንለው ይኸው ነው። ቀይ ሆኖ የጋመ ፍም ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ሲኖረው፣ ወረቀት ግን በ230 ዲግሪ አካባቢ ይቀጣጠላል። ደረቅ ሣርና ጭድም ከወረቀት ብዙ አይርቁም። እንግዲህ አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል ፍም ለአንድ ክምር ጭድ ትበቃለች ማለት ነው።

የተኛውን እሳት የሚቀሰቅሰው አየር ነው። የበጋ ነፋስ አመዱን ሲገልጠው ይነቃል። ሕፃን በእንጨት ሲቆሰቁሰው ይነቃል። ዶሮም አለች እኮ! «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» እንደሚባለው፣ እዚህ ጭራ የምታወጣው ፍሙን ነው።

2. ለማደር የሚዳፈን እሳትና ለመሄድ የሚጠፋ እሳት

እናቶቻችን ማታ እሳት ይዳፍናሉ። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉት ይነድላቸዋል። ክብሪት ይቆጠባል፤ እሳት ያላደረላት ጎረቤትም በገል ጭራ ትሄዳለች። ይህ ልማድ ስንፍና አይደለም፤ ከላይ የተጠቀሰውን የሳይንስ ሕግ በእጅ ማወቅ ነው። «እሳት መዳፈን ጎጂ ልማድ ነው» ብሎ መንደር የሚገባ መምህር የሚሰማው አያገኝም፤ ሊሰማም አይገባም።

ልማዱ የእኛ ብቻም አይደለም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ማታ ደወል ሲደወል ሰው ሁሉ የምድጃውን እሳት እንዲሸፍን ይታዘዝ ነበር። በእንግሊዝኛ ሰዓት እላፊ የሚባልበት ቃል የመጣው «እሳት ሸፍን» ከሚል የፈረንሳይኛ አነጋገር ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ባለበት ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመስከረም ወር 1666 ለንደን ከተማ ተቃጠለች። እሳቱ የተነሣው ቶማስ ፋሪነር ከተባለ ዳቦ ጋጋሪ ቤት ነበር። ጋጋሪው «እሳቴን አጥፍቼ ነው የተኛሁት» ብሎ እስከ መጨረሻው ተከራክሯል። ቃጠሎው ለአራት ቀናት ያህል ቆይቶ 13,200 ያህል ቤቶችንና 87 አብያተ ክርስቲያናትን በላ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ከቃጠሎው የማይተናነስ ነው። ሕዝቡ «ማን አቃጠለን?» ብሎ በባዕዳን ላይ ተነሣ። ሮበርት ሁበርት የተባለ ፈረንሳዊ «እኔ ነኝ» ብሎ በመናገሩ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ተሰቀለ። በኋላ ሲጣራ ግን ሰውየው ለንደን የገባው እሳቱ ከተነሣ ከሁለት ቀን በኋላ ነበር።

ይህን ታሪክ የጠቀስኩት ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። በእኛም አገር የባዶ ቤት እሳት ከንብረት ሌላ የሚያቃጥለው ነገር አለ፤ ጉርብትናን ያቃጥላል። ቤቱ ውስጥ ማንም ስላልነበረ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ለኮሰው?» ይሆናል። ጥያቄው ደግሞ ቀደም ሲል ጠብ ወደነበረው ሰው ደጃፍ ይሄዳል።

የዛሬ ጥቂት ዓመት በተወለድኩበት ቀበሌ አንድ ቤተሰብ ለቅሶ ሄዶ ሳለ ቤቱ ነደደ። ለዘር የተቀመጠው ጤፍ ሳይቀር አለቀ። ባለቤቱ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር የድንበር ክርክር ነበረው፤ በማግሥቱ ዱላ ተነሣ፤ የከፋ ነገር ሊመጣም ነበር። ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው ቃጠሎው ከየት እንደ ጀመረ እየተከተሉ ሲያዩ፣ ከጓሮ ካለው የጭድ ክምር ሥር ደረሱ። ከክምሩ አጠገብ አዲስ አመድ ተደፍቷል። የደፋችው የ4ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የቤቱ ልጅ ነበረች። እናቷ ለመሄድ ስትጣደፍ ልጅቱ ምድጃውን ጠርጋ፣ ቤቱን አጽድታ ነው የወጣችው። ሠራች የተባለው ሁሉ የጎበዝ ልጅ ሥራ ነው። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ ፊቱን ወደ ልጅቱ ሲያዞር አንደኛው ሽማግሌ «እስቲ ቆዩ፤ አመድ እንዴት እንደሚደፋ ለዚህች ልጅ ማን ነግሯታል?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም።

በእኔ አስተያየት ይህ ጥያቄ የተጠየቀው ለእኛ ለመምህራን ነው። መልሱም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ቤት ስናድር እሳት ይዳፈናል፤ ቤት ትተን ስንሄድ እሳት ይጠፋል።

እንዴት ይጠፋል ያልን እንደሆነ ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

ሀ) ፍሙን በመጫሪያ ከምድጃው አውጥቶ ሣርና ጭድ በሌለበት ባዶ መሬት ላይ መበተን። ከሞቀ ምጣድና ከጉልቻ ላይ ውሃ ማፍሰስ አይገባም፤ ምጣዱ ይሰነጠቃል። «ምጣዴን ልታሰብሪኝ ነው!» የሚለው የእናቶች ቁጣ በቂ ምክንያት አለው።

ለ) ውሃ ትንሽ በትንሽ ማፍሰስና በእንጨት ማማሰል፤ እንደገና ማፍሰስና እንደገና ማማሰል። አንድ ጊዜ ብቻ የፈሰሰ ውሃ የላይኛውን አጥፍቶ የታችኛውን ይተወዋል። ከፍሙ የሚነሣው እንፋሎት ስለሚያቃጥል ፊትን ራቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሐ) ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት አገር ንጹሕ ውሃ አይፈለግም፤ የዕቃ እጣቢ ይበቃል። ጠዋት ዕቃ የታጠበበትን እጣቢ ከመድፋት ይልቅ ለዚህ ማቆየት ነው። አፈር ብቻ አልብሶ መሄድ ግን ማጥፋት አይደለም፤ መዳፈን ነው።

መ) የእጅን ጀርባ ጠጋ አድርጎ ሙቀት አለመኖሩን ማረጋገጥ። ጭስ አለመታየቱ ማስረጃ አይሆንም።

ሠ) አመድን ከቤት፣ ከአጥር፣ ከጭድ ክምርና ከኩበት ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ መድፋት፤ በላስቲክ ወይም በጆንያ አለማስቀመጥ።

እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለ። በውሃ የጠፋ ከሰል ፀሐይ ላይ ሲደርቅ እንደገና ይነዳል። ስለዚህ እሳት ያጠፋች እናት ከሰል አልከሰረችም፤ እንዲያውም በአመድ ውስጥ በከንቱ ሊያልቅ የነበረውን ለነገ አተረፈች። በመንደር ውስጥ «አደጋ ይመጣል» ከሚለው ምክር ይልቅ ይህኛው ቶሎ ሰሚ ያገኛል።

3. መብራት ሲሄድ የሚተኛው እሳት

የከተማው ረመጥ ደግሞ በሽቦ ውስጥ ነው። ነገርዬው እንዲህ ነው። እኅታችን እንጀራ እየጋገረች ሳለ መብራት ይሄዳል። ሊጡን ከድና ትንሽ ትጠብቃለች። መብራቱ አልመጣም። ሰፌዱን ምጣዱ ላይ ታስቀምጥና ወደ ሌላ ጉዳይ ትወጣለች። የምጣዱ ማብሪያ ግን እንደ በራ ነው፤ ምጣዱ ቀዝቅዟልና ማን ያስታውሰዋል? ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ቤቱ ተቆልፏል፣ ምጣዱ ይግላል፣ ሰፌዱም እላዩ ላይ ነው። በካውያና በኤሌክትሪክ ምድጃም የሚደርሰው ይኸው ነው።

ስለዚህ ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ ደንብ ይህ ነው፦ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ማብሪያውን ማጥፋት፣ ቀጥሎ ሻማ መፈለግ። አብዛኞቻችን የምናደርገው ግን ተገላቢጦሹን ነው። መብራት መምጣቱን ለማወቅ አንድ አምፖል በርቶ ቢቀር ይበቃል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ አደጋ ጭነት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዋትን በቮልት ማካፈል ነው። 3500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ ወደ 16 አምፔር ይስባል። 1000 ዋት የሆነ ካውያ ደግሞ 4.5 አምፔር ይስባል። ሁለቱ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሲሰኩ ድምሩ ከ20 አምፔር ያልፋል። በየሱቁ የሚሸጠው ማከፋፈያ አብዛኛው ከ10 እስከ 16 አምፔር ብቻ እንዲሸከም የተሠራ ነው። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከአምፔሩ ጋር እኩል አይጨምርም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የላላ ሶኬት ሲጨመርበት ሙቀቱ በዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል። የሶኬት ዙሪያ መጥቆርና የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ የዚህ ምልክቶች ናቸው።

ፊውዝ የተሠራው ጭነት ሲበዛ ቀልጦ መስመሩን እንዲቆርጥ ነው። «ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል» ብሎ በቦታው ወፍራም ሽቦ የሚጠመዝዝ ሰው ጠባቂውን አባሮ በሩን ከፍቶ የተኛ ሰው ማለት ነው። ፊውዙ የሚበጠሰው ስለ ደከመ ሳይሆን ሥራውን ስለ ሠራ ነው።

ለአጭር ጉዳይ ስንወጣ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ካውያና የውሃ ማሞቂያ ከሶኬት መነቀል አለባቸው። ሞባይል ስልክ አልጋ ላይ እንደ ተሰካ አይተውም። ለብዙ ቀናት ስንሄድ ደግሞ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና ማጥፊያ ማውረድ ነው። ማቀዝቀዣ መሥራት ካለበት ሌላው ሁሉ ይነቀል።

ሲሊንደር ጋዝ ያለው ቤት የምድጃውን ቁልፍ ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩንም መዝጋት አለበት። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያመልጥ ወደ ጣራ አይወጣም፤ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ስንመለስ ሽታው ከተሰማን ክብሪት አለመጫር፣ መብራትም አለማብራትና አለማጥፋት ይገባል። በርና መስኮት ከፍቶ፣ ሲሊንደሩን ዘግቶ መውጣት ነው። ነጭ ጋዝም በውሃ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ልጅ ይጠጣዋል፤ ወይም ረመጥ ላይ ያፈሰዋል።

4. ቤት ውስጥ የሚቀር ሰው

እስካሁን «ባዶ ቤት» ስንል ቆይተናል። ነገር ግን ባዶ ያልነው ቤት ሁልጊዜ ባዶ አይደለም። እናት ገበያ ስትሄድ ታናናሾቹን ለታላቂቱ ትታ በር ከውጭ ትቆልፋለች። የምትቆልፈው ልጆቿን ስለማትወድ አይደለም፤ መኪና፣ ውሻና ጉድጓድ ፈርታ ነው። ሆኖም እሳት ከተነሣ ያ ቁልፍ ከእሳቱ የከፋ ጠላት ይሆናል። እሳት በሌለበት እንኳ ጭሱ ይበቃል። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚጤስ ከሰል ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይፈጥራል፤ ትንፋሽ ሲወስደው ማንም አያውቅበትም። «ልጆቹ እንዳይበርዳቸው» ተብሎ ፍም ቤት ውስጥ አይተው።

ስለዚህ፦ ሰው ያለበት ቤት ከውጭ አይቆለፍ። መቆለፉ ግድ ከሆነ ቁልፉ አጠገብ ባለች ጎረቤት እጅ ይሁን፤ ጎረቤቷም ውስጥ ሰው እንዳለ ትወቅ። ክብሪትና ኩራዝ ልጅ ከማይደርስበት ከፍ ብለው ይቀመጡ። መነሣት የማይችሉ አያት ወይም በሽተኛ ካሉ መኝታቸው ከምድጃው ይልቅ ለበሩ ይቅረብ። ለልጆች «ክብሪት አትንኩ» ብቻ ብሎ መሄድ አይበቃም። እሳት ቢያዩ ዕቃ ሳያነሡ፣ አልጋ ሥርም ሳይደበቁ ሮጠው መውጣት እንዳለባቸው ይነገራቸው። ሕፃናት በድንጋጤ እንደሚደበቁ ማንኛውም የቤተሰብ ሰው ያውቃል።

5. ከቤቱ ውጭና ከጎረቤት ጋር

የጭድ ክምር፣ ኩበትና የማገዶ እንጨት ከቤቱ ግድግዳ ይራቁ። በበጋ በቤቱ ዙሪያ ያለው ደረቅ ሣር ይታጨድ። በመስቀልና በቡሄ ችቦ ሲለኮስ የሣር ክዳን ካለበት ይራቅ፤ ሁሉም ወደ ደመራው ሲወጣ አንድ ሰው ሰፈሩን ይጠብቅ።

በከተማ መንገድ መዝጋት ሌላው ችግር ነው። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ሸማ ተራ በተነሣው ትልቅ ቃጠሎ የመንገዱ ጥበትና የሱቆቹ መጠጋጋት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ እንዳከበደው በጊዜው በሰፊው ተነግሯል። በየሰፈራችን መግቢያ ላይ ድንጋይና አሸዋ የምንከምር ሰዎች ይህን ማሰብ አለብን። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፤ ልጆች በቃላቸው ቢይዙት መልካም ነው።

ደግሞም ቤት ሲቃጠል ጎረቤት እንጨትና ሣር አዋጥቶ፣ ደቦ ወጥቶ፣ እድርም ረድቶ ቤቱን መልሶ ያቆማል። ይህ የሚያኮራ ባህላችን ነው። ነገር ግን ለዘር የተቀመጠውን እህል፣ የመሬት ደብተሩን፣ የልጆቹን ደብተርና መጽሐፍ ደቦ መልሶ አያቆማቸውም። ከእሳቱ በኋላ የሚመጣው ትብብር ከእሳቱ በፊት ቢጀምር የሚጠይቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እሜቴ፣ እኛ ልንሄድ ነውና ቤቱን አደራ» ማለት ነው።

6. አምስቱ ጣቶች

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ሰው ሲጣደፍ አያስታውሰውም። ማንበብ የማይችሉም ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ በእጅ ጣት እንዲቆጠር አድርጌ አቅርቤዋለሁ።

አውራ ጣት — ረመጥ፦ ጠፍቷል? በእጅ ጀርባ ተረጋግጧል?
ጠቋሚ ጣት — ሶኬት፦ ሁሉም ተነቅሏል? ማብሪያው ጠፍቷል?
መሐል ጣት — ጋዝ፦ ሲሊንደሩ ተዘግቷል? ነጭ ጋዙ ርቋል?
የቀለበት ጣት — ክብሪት፦ ከልጅ ርቋል? ሻማ፣ ጧፍና የዕጣን ማጨሻ ጠፍተዋል?
ትንሿ ጣት — ቁልፍ፦ የት ነው? ጎረቤት አውቋል?

አምስቱ ጣቶች ተቆጥረው ሲያልቁ እጅ ይታጠፋል፤ በሩም ይዘጋል።

7. በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

ለ4ኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ዓላማው ተማሪዎች የተኛን እሳት ከጠፋ እሳት እንዲለዩ ማድረግ ነው። መርጃ መሣሪያዎቹ ከአካባቢ የሚገኙ ናቸው፤ ሻማ፣ የመስተዋት ብርጭቆ፣ ጣሳ፣ አመድና ፍም።

በመጀመሪያ የበራ ሻማ ላይ ብርጭቆ መድፋት። ኦክሲጅኑ እያነሰ ሲሄድ ሻማው ይጠፋል። ተማሪዎች «አየር ካጣ ይጠፋል» ይላሉ። ቀጥሎ መምህሩ ጠዋት በአንደኛው ክፍለ ጊዜ አንድ ትልቅ የከሰል ፍም በጣሳ ውስጥ በአመድ ዳፍኖ፣ ጣሳውን ከቤት ውጭ ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ «ጠፍቷል ወይስ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያም ከፍቶ ደረቅ ሣር ያስጠጋበታል። ሣሩ ሲጤስ የሚያዩ ልጆች ሌላ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። ፍሙን የሚነካው መምህሩ ብቻ መሆን አለበት፤ በአጠገቡም ባልዲ ውሃ ይኑር።

እዚህ ላይ ባልደረቦቼን የማሳስበው አንድ ነገር አለ። ልጁን እናቱን የሚያርም ዳኛ አድርገን ወደ ቤት አንላከው። «አስተማሪዬ ተሳስተሻል ብሎሻል» የሚል ልጅ ጥፊ ነው የሚያተርፈው። ይልቅስ «እማዬ፣ ረመጡን እኔ ላጥፋልሽ፣ እጣቢውን አትድፊው» የሚል ልጅ እንላክ። አንድ ትምህርት ከክፍል ወጥቶ ምድጃ ድረስ ካልሄደ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው የቀረው። ያች የ4ኛ ክፍል ልጅም ያጣችው ብልኀት ሳይሆን ይህን የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ለማደር በሚዳፈን እሳትና ለመሄድ በሚጠፋ እሳት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? በሦስቱ የእሳት መሠረታዊ ነገሮች አስረዱ።
2. 2200 ዋት የሆነ ምድጃ በ220 ቮልት ስንት አምፔር ይስባል? ከ1000 ዋት ካውያ ጋር በ13 አምፔር ማከፋፈያ ላይ ቢሰካ ምን ይደርሳል?
3. ውሃ በሁለት ሰዓት መንገድ በሚቀዳበት መንደር ረመጥ በምን ይጠፋል?
4. በሰፈራችሁ ሰው ያለበት ቤት ከውጭ የሚቆለፍባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሩ። ለእያንዳንዱ ምክንያት ምን መፍትሔ አላችሁ?
5. ዶርማችንን ትተን ለዕረፍት ስንሄድ ከአምስቱ ጣቶች የትኞቹን መቁጠር ይኖርብናል? ነገ ማታ በየክፍላችሁ ተወያዩበት።

ከአንድ ዕጩ መምህር